የታንፍ 20 እና 30 ሰዓት፦ ስልጠና የሚቆጠረው እስከ ምን ድረስ ነው?

ታንፍ በአሜሪካ በ1996 በወጣ ሕግ የተቋቋመ፣ ልጅ ላላቸው ችግረኛ ቤተሰቦች የሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ ነው። ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ እናት (አባትም ቢሆን ያው ነው) በፌዴራሉ መለኪያ በሳምንት በአማካይ 30 ሰዓት «ሥራ ነክ» ነገር ላይ መዋል አለባት፤ ከ6 ዓመት በታች ልጅ ካላት 20 ይበቃል። ስቴቶች የራሳቸውን ደንብ ስለሚጨምሩ ኬዝ ወርከሯን (ጉዳይዋን የሚከታተለውን ሠራተኛ) መጠየቅ አይቀርም።

ግራ የሚያጋባው «ሥራ ነክ» የሚለው ቃል ነው። ከ30ው ቢያንስ 20ው ከዋናዎቹ መምጣት አለበት፦ ደመወዝ ያለው ሥራ፣ ያለ ክፍያ የሚሠራ ልምምድ፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት፣ የሙያ ስልጠና። የሙያ ስልጠና ግን በዕድሜ ልክ የሚቆጠረው 12 ወር ብቻ ነው። የሁለት ዓመት ኮርስ የጀመረች ሰው ሁለተኛውን ዓመት በሥራ ወይም በልምምድ ካልደገፈችው፣ ትምህርቷን ሳታቋርጥም ሰዓቷ ይጎድላል። ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝኛ መማር ብቻውን ከዋናዎቹ አይገባም፤ በሙያ ስልጠናው ውስጥ ሲካተት ግን ሊቆጠር ይችላል። ሥራ ፍለጋም በተከታታይ ከ4 ሳምንት በላይ አይያዝም።

ከ6 ዓመት በታች ልጅ ያላት ብቸኛ ወላጅ ተስማሚ የልጅ መዋያ ካጣች፣ በዚያ ምክንያት ባለመሥራቷ ድጋፏ ሊቀነስ ወይም ሊቋረጥ አይችልም። ማጣቷን ማስረዳት ግን የእሷ ድርሻ ነው፤ ቦታ የለንም ያሉበትን ወረቀት ታስቀምጥ።