አረጋውያንን ለምግብ እጥረት መለየት

አዛውንት ሲከሱ ቤተሰብ ቶሎ የሚለው ነገር አለ፦ «እርጅና ነው።» ብዙ ጊዜ ግን እርጅና ብቻ አይደለም። ሳያስቡት ክብደት መቀነስ በ80 ዓመትም ቢሆን ምክንያቱ ሊፈለግለት ይገባል። የምግብ እጥረት ልየታ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በጥቂት ጥያቄዎችና በአንድ ሁለት ልኬቶች ማን አደጋ ላይ እንዳለ በደቂቃዎች ውስጥ ያሳያል። በሽታ አለ ብሎ አይወስንም፤ ጠለቅ ያለ ምርመራ የሚያስፈልገውን ሰው ይጠቁማል።

ዕድሜ ሲገፋ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፤ ጣዕምና ሽታም እንደ ድሮው አይሰማም። በዚያ ላይ የጥርስ ሕመም፣ የመዋጥ ችግር፣ ፍላጎት የሚዘጉ መድኃኒቶች፣ ድባቴና የመርሳት በሽታ አሉ። ብቸኝነትም ቀላል አይደለም። ለብቻ የሚበላ ሰው ማዕዱን ቶሎ ይተዋል። ነገሩ ሳይታወቅ ከቆየ ጡንቻ ይመነምናል፣ መውደቅ ይበዛል፣ ቁስል አልድን ይላል።

ለአረጋውያን ተብሎ ከተዘጋጁት መጠይቆች በሰፊው የሚታወቀው ኤምኤንኤ ነው። ሙሉው 18 ጥያቄዎች አሉት። አጭሩ ደግሞ 6 ብቻ ነው፤ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ያገለግላል። ባለፉት 3 ወራት ምግብ ቀንሰዋል? ክብደትስ? ከቤት ይወጣሉ ወይስ አልጋ ላይ ናቸው? በነዚሁ ወራት ከባድ ሕመም ወይም ጭንቀት ደርሶባቸዋል? የመርሳት ችግር ወይም ድባቴ አለባቸው? ስድስተኛው ቢኤምአይ፣ ማለትም ክብደት ከቁመት አንጻር ነው። ከጠቅላላው 14 ነጥቦች ውስጥ 12 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ደህና ነው፤ ከ8 እስከ 11 አደጋ ላይ ነው፤ 7 እና ከዚያ በታች የምግብ እጥረት ሊኖርበት ይችላል።

ቢኤምአይ ማግኘት ካልተቻለ የባት ዙሪያ ይለካል። ይህን ዘዴ በጣም እወደዋለሁ፤ የሚፈልገው አንድ ሜትር ብቻ ነው። ሰውየው ጉልበታቸውን አጥፈው ይቀመጣሉ፤ እግራቸው መሬት ይረግጣል። ሜትሩ ባት በጣም በሚወፍርበት ቦታ ይዞራል፤ ሥጋውን ሳይጨምቅ፣ ሳይላላም። ከዚያ ከፍና ዝቅ አድርጎ ደግሞ መለካት ትልቁን ቁጥር ለማግኘት ይረዳል። ከ31 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ለዚያ ጥያቄ ነጥቡ ዜሮ ነው። እግር ካበጠ ግን ልኬቱ ይዋሻል።

ሌሎች መጠይቆችም አሉ። መስት የሚባለው በብሪታንያ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ሲሆን ቢኤምአይን፣ ያልታሰበ የክብደት መቀነስንና ምግብ የሚያስቆም ድንገተኛ ሕመምን ያያል። ኤምኤስቲ ደግሞ ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ ሳይፈልጉ ክብደት ቀንሰዋል? ፍላጎት አጥተው መብላት አቅቷቸዋል?

በዓይን አይቶ መፍረድ አደገኛ ነው። ወፍራም ሰውም ጡንቻው እያለቀ ሊሆን ይችላል። የእግር እብጠት ሚዛኑን ከፍ አድርጎ ክሳቱን ይደብቃል። ጀርባ ሲጎብጥ ቁመት ስለሚያጥር ቢኤምአይም ይዛባል፤ ስለዚህ የጉልበት ቁመት ወይም የክንድ አጥንት ተለክቶ ይገመታል። ድሮ አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲን እንደ መለኪያ ይታይ ነበር። አሁን ባለሙያዎች ብቻውን አይተማመኑበትም፤ በሰውነት መቆጣት (ብግነት) እና በሕመም የተነሳም ይወርዳል። ከአንድ ቀን ቁጥር ይልቅ የወራት ለውጥ ይበልጣል። 60 ኪሎ የነበሩ ሰው በ6 ወር ውስጥ ከ3 ኪሎ በላይ ሳያስቡት ከቀነሱ፣ ከ5 በመቶ አለፈ ማለት ነው። ስለዚህ ክብደትን ከቀኑ ጋር መመዝገብ ትልቅ ሥራ ነው።

ነጥቡ ካርድ ላይ ተጽፎ ከቀረ ግን ድካሙ ከንቱ ነው። አደጋ ላይ ያለ ሰው መድኃኒቱ ይከለሳል፣ ጥርሱና አዋዋጡ ይታያል፣ ስሜቱ ይጠየቃል። ምግቡ በመጠን ሳይበዛ በጉልበትና በፕሮቲን ይጠናከራል። ለአረጋውያን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ቢያንስ 1 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፤ የኩላሊት ሕመም ካለ ሐኪም ይወስናል። ለብዙ ቀናት ምንም ያልቀመሰ ሰው ግን በአንዴ ብዙ አይመገብም። የደም ማዕድናት በድንገት ወርደው ልብን ሊጎዱ ስለሚችሉ፣ ምግቡ በትንሹ ተጀምሮ በባለሙያ ክትትል ከፍ ይላል።