ሳልባጅ ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ሰው ከእንግሊዝ አገር የተነሣ ፎቶ ለጠፈና ከሥሩ «ፈረንጆቹም ሳልባጅ ተራ አላቸው» ብሎ ጻፈ። ፎቶው የእሑድ ጠዋት ካር ቡት ነው፤ ሰው የቤቱን አሮጌ ዕቃ በመኪናው ጭኖ መጥቶ የሚሸጥበት ገበያ ማለት ነው። መኪኖች ሜዳ ላይ ተደርድረዋል፣ የኋላ ዕቃ መጫኛቸው ተከፍቷል፤ ከፊታቸው ባለው ጠረጴዛ ላይ የሻይ ስኒ፣ የልጅ ጫማ፣ አሮጌ ሬዲዮ፣ አንድ ሁለት ጃኬት አለ። ብዙ ሰው ሳቀ። እኔ ዕድሜዬን በትራንዚተርነት ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ዕቃ ማስታወቂያ ቅጽ) ስሞላ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ሳቁ አልመጣልኝም።

ያገለገለ ሁሉ ሳልባጅ አይደለም! «ያገለገለ» ስለ ዕቃው ይናገራል፤ ሳልባጅ ግን ስለ አሻሻጡ።

ቃሉ የእንግሊዝኛ ነው። ከሰጠመ መርከብ ወይም ከእሳት የተረፈ ንብረት ማለት ነው፤ የኢንሹራንስ ድርጅቶች የተገጨ መኪና ሲያጫርቱ ዛሬም በዚያው ትርጉም «ሳልቬጅ» ይላሉ። ጨርቁ ጋ ሲደርስ ሌላ መልክ ያዘ። ጉምሩክ ደግሞ «ልባሽ ጨርቅ» ይለዋል፤ ዓለም አቀፉ የታሪፍ መጽሐፍ በቁጥር 6309 ያስቀመጠው እሱን ነው። እዚያ ለመግባት ዕቃው ሁለት ነገር ማሟላት አለበት። መለበሱ በዓይን መታየት አለበት፤ አመጣጡም በጅምላ ተከምሮ ወይም በቦንዳ፣ በጆንያና በመሳሰለው ታሽጎ መሆን አለበት። አንዱ ከጎደለ 6309 አይደለም። ሳይሸጥ የቀረ አዲስ ሸሚዝ በቦንዳ ቢመጣ አዲስ ልብስ ነው፣ ቀረጡም የአዲስ ነው። አክስትህ በሻንጣዋ ያመጣችልህ የለበሰችው ሹራብም 6309 አይደለም። ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ያውቃል፤ ሁለተኛውን፣ ማለትም ማሸጊያውን፣ የሚያስታውስ የለም።

ኬንያውያን ይህ ገብቷቸዋል። «ሚቱምባ» ሲሉ ጥቅሎች፣ ማለትም ቦንዳዎች ማለታቸው ነው፤ ስሙን ያወጡት ከማሸጊያው ነው። የዛምቢያው «ሳላውላ» ደግሞ ክምር እየገለበጡ መምረጥ ነው።

ይህንኑ ከፎቶው ሥር ስጽፍ የለጠፈው ወንድም «ታዲያ ሁለቱም ሰው የለበሰው አይደል?» ሲል መለሰልኝ። አዎ፣ ነው። ነገር ግን ካር ቡት ላይ ሴትየዋ ከጃኬቷ አጠገብ ቆማለች። ዚፑ ይይዛል ወይ ብትላት ትነግርሃለች፤ ልጇ ስላደገ እንደምትሸጠውም ሳትጠየቅ ታወራለች። ለሜዳው ባለቤት የቦታ ኪራይ ከፍላ የመጣችው የራሷን ቤት ዕቃ ልትሸጥ ነው። (ከሌላ እየገዛ የሚሸጥም መሃላቸው አይጠፋም፤ እሱ በሕግ ነጋዴ ነው፣ ሌላ ጉዳይ ነው።) በራችን ላይ «ልዋጭ!» እያለ የሚያልፈው ልጅም እንዲሁ ነው። ሳፋና ብርጭቆ ሰጥቶ የአባወራውን ሱሪ ሲወስድ ከማን ቤት እንደወሰደው ያውቃል። ሳልባጅ ባለቤቱ የጠፋ፣ በኪሎ የተመዘነ፣ ሳይታይ የተገዛ ልብስ ነው። የቦንዳ ነጋዴ የማሰሪያውን ብረት እስኪቆርጥ ድረስ ምን እንደገዛ አያውቅም።

ሌላው የሚያበሽቀኝ አባባል «ለድሃ በነጻ የተላከ ነው፣ ነጋዴ ሰርቆ ሸጠው» የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው አውድማ አይቶ አያውቅም። ጤፍ ተወቅቶ በላይዳ ሲነሣ ፍሬው፣ እብቁና ጭዱ ይለያያል፤ ፍሬውም ሲበጠር ግርድ ይወጣዋል። አውሮፓ ውስጥ በበጎ አድራጎት ሣጥን የገባ ልብስም እንዲሁ ይበጠራል። ጥሩው እዚያው ሱቅ ይሰቀላል። የሚተርፈውን ድርጅቱ ራሱ በኪሎ ለመራጮች ይሸጣል፤ ገንዘቡን ለሥራው ያውለዋል እንጂ ሸሚዙን ለማንም በነጻ ለመላክ ቃል አልገባም። መራጮቹ እንደገና ያበጥራሉ። ቆየት ያለና ፋሽኑ የተመለሰ ልብስ ገዢው እዚያው አውሮፓ ነው፤ ከባድ ካፖርት ወደ ብርድ አገር፣ ስስ ልብስ ወደ አፍሪካ። ሊለበስ የማይችለው ተቆራርጦ የማሽን መወልወያ ወይም የፍራሽና የመኪና ወንበር ሙሊት ይሆናል፤ ጭድ ከጭቃ ተቦክቶ ግድግዳ እንደሚመረግበት ማለት ነው። (እሱ ለብቻው 6310 ነው፤ ከ6309 ጋር አንድ ዲክላራሲዮን ላይ አቀላቅሎ የሚሞላ ሰው ጉድ ይፈላበታል።) ምሳሌዬ የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው፤ ገበሬ ግርዱን በተዘጋ ጆንያ «ፍሬ ሊኖርበት ይችላል» ብሎ አይሸጥልህም። የቦንዳ ንግድ ግን እንደዚያ ነው፤ አንዱ ቦንዳ ያከብራል፣ ሌላው ዋናውን ይበላል።

ሳልባጅ ወደ አገራችን በንግድ ማስገባት ክልክል ነው። ጉምሩክ ያዝኩት ብሎ በየጊዜው ከሚያወጣው ዝርዝር ውስጥ ልባሽ ጨርቅ የማይጠፋውም ለዚህ ነው። ክልከላው ማስገባቱ ላይ እንጂ መልበሱ ላይ አይደለም።

ስሙ ለምን በጨርቅ ላይ ብቻ ተጣበቀ? ስድብ ስለሆነ ይመስለኛል። ሌላ ሰው የነዳትን ኮሮላ ማንም ሳልባጅ አይላትም፤ «ያገለገለች» ትባላለች፣ እንዲያውም ከዱባይ መምጣቷ በኩራት ይነገራል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከ7 ዓመት በላይ ባገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ሲጥልም የመኪናዋ ስም አልተለወጠም። ሸሚዝ ሲሆን ግን ለባሹ ያፍራል፤ መርካቶ ገዝቶ «ወንድሜ ልኮልኝ» ይላል።

ያ ወንድም በመጨረሻ ተሸነፈ መሰለኝ፣ «የኔ የቆዳ ጃኬት ግን ከቦንዳ የወጣ ነው፣ እሱስ ሳልባጅ ነው አይደል?» አለኝ። በሰፈር ቋንቋ ነው። በታሪፉ ግን ጫማና ባርኔጣ ከአስቤስቶስ በቀር ከምንም ይሠራ 6309 ሲገባ፣ ሌላው ልብስ ጨርቅ ካልሆነ አይገባም። የቆዳ ጃኬት ምዕራፍ 42 ነው። ምንጣፍም አይገባም አልኩት። ከዚያ በኋላ አልመለሰልኝም።