የአሮጌ መኪና ቺንጋ፦ አመራረጡና አገጣጠሙ በጅማ

ቺንጋ ከሞተሩ ክራንክ ፑሊ (ባለ ጉድጓድ ተሽከርካሪ ጎማ መሳይ ብረት) የሚነሳውን ዙር ተቀብሎ ዲናሞውን፣ የውሃ ፓምፑንና ፋኑን የሚያሽከረክር የጎማ ቀበቶ ነው። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ዳዶ (የቦሎን ማሰሪያ)፣ ካቻቢቴ፣ ኩሽኔታ (ዘንግ የሚሽከረከርበት ተሸካሚ) እና ቴስታታ (የሞተር ራስ) ከሚሉት ጋር በአንድ በር ወደ ጋራዦቻችን የገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተሠሩ ትንንሽ መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀጭን ቺንጋ ብቻ ነው ያላቸው። እሱ ሲበጠስ ባትሪ መሙላትም ሞተር ማቀዝቀዝም እኩል ይቆማሉ። በዋጋ ከመኪናው ዕቃ ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ችላ ሲባል ግን ቴስታታ ያጣምማል፣ ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ያቃጥላል።

ጅማ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ክፍት ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። የራዲያተር ክዳኑ ያረጀና ግፊት የማይዝ መኪና ስለዚህ ቆላ ካለ መኪና ቀድሞ ያፈላል። ዛሬ የከተማዋን ጎዳና ባጃጅ ቢሞላውም ቮልስ፣ ላዳ፣ ፔጆ 404 ወይም አሮጌ ላንድሮቨር በግቢው አቁሞ የሚንከባከብ ሰው አይጠፋም። ከመርካቶ ወደ ጅረን፣ እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ መውጣት ለቺንጋ ቀላል ነው። ፈተናው የአዲስ አበባው መንገድ ነው። ከአበልቲ ተነስቶ ወደ ጊቤ ድልድይ ሲወረድ አየሩ በአንድ ጊዜ ይሞቃል፤ ድልድዩን ተሻግሮ እስከ ወልቂጤ ያለው ዳገት ደግሞ በዝቅተኛ ማርሽና በትንሽ ፍጥነት የሚወጣ ነው። ከፊት የሚነፍስ ንፋስ ስለሌለ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፋኑ ብቻ ነው፣ ፋኑም በቺንጋው እጅ ነው። የላላ ቺንጋ ሜዳ ላይ ደህና ይመስላል፤ ጉዱ የሚታየው እዚያ ነው።

በአሮጌ መኪኖች ላይ የሚገኘው ጎኑ ወደ ውስጥ እየጠበበ የሚሄደው ባለ ሽብልቅ ቺንጋ ነው። ብዙ ቁመታዊ መስመር ያለው ጠፍጣፋው ቺንጋ የመጣው ኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ፎርድ ሙስታንግ ላይ ከታየ በኋላ ነው እየተስፋፋ የሄደው። እሱና ባለ ሽብልቁ ፈጽሞ አይተካኩም። ባለ ሽብልቁ ኃይል የሚያስተላልፈው በሁለት ጎኖቹ ብቻ መሆኑ መታወቅ አለበት። ጎኖቹ የፑሊውን ግድግዳ ይነክሳሉ፣ ሆዱ ግን የፑሊውን ወለል መንካት የለበትም። የፑሊው ወለል እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ከሆነ ወይ ቺንጋው ጠቧል፣ ወይ ፑሊው ራሱ ተበልቷል። ያኔ የቱንም ያህል ቢወጠር መንሸራተቱን አይተውም። በትክክል የገባ ቺንጋ ጀርባው ከፑሊው ጠርዝ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀመጣል።

የሚገዛው ቺንጋ መለኪያ ጀርባው ላይ ተጽፏል። ለምሳሌ ለላዳ 2101 የሚሆነው 10×944 ነው፤ 10 ሚሊ ሜትር የጀርባው ስፋት፣ 944 ሚሊ ሜትር ደግሞ ርዝመቱ ነው። ርዝመቱ የተለካው በውጭ ነው ወይስ በውስጥ? ከቁጥሩ ቀጥሎ ‹‹ኤል ኤ›› የሚሉ የፈረንጅ ፊደላት ካሉ በውጭ፣ ‹‹ኤል አይ›› ካሉ በውስጥ ማለት ነው። ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ቺንጋ የውጭና የውስጥ ዙሩ ልዩነት 50 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። አምስት ሴንቲ ሜትር ማለት ዲናሞውን በመወጠሪያው ቀዳዳ ከዳር እስከ ዳር ገፍተውም ላይሞላ የሚችል ልዩነት ነው።

ይህን የተማርኩት ተቸግሬ ነው። ለላዳዬ ቺንጋ ጅማ ውስጥ ስላጣሁ አዲስ አበባ ካለ አንድ ሱቅ በስልክ አዘዝኩ፤ ‹‹944 የሆነ›› ብቻ አልኩ። በአውቶቡስ የመጣልኝ ‹‹ኤ 37›› የሚል ቺንጋ ነበር። ኤ የሚባለው ዓይነት ስፋቱ 13 ነው፤ 37 ደግሞ የውስጥ ርዝመቱ በኢንች ሲሆን ወደ ሚሊ ሜትር ሲመለስ 940 ይሆናል። በስልክ ለተነጋገረ ሰው ቅርብ ይመስላል። በውጭ ሲለካ ግን 990 ነው። ፑሊው ላይ ሽቅብ ተንጠልጥሎ ተቀመጠ፤ ዲናሞውን እስከ ቀዳዳው ጫፍ ስቤም እንደምንም ነበር የጠበቀው። መንገዱ አስቸኳይ ስለነበር ወጣሁ። የጊቤን ዳገት ሳላጋምስ የዲናሞው መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ፣ ከዚያ የሙቀት መርፌው ወጣ። ኮፈኑን ስከፍት የተቃጠለ ጎማ ሽታ ፊቴን መታኝ፤ የቺንጋው ጎኖች እንደ ተወለወለ ጫማ ያብረቀርቁ ነበር። ሞተሩ እስኪበርድ ከመንገድ ዳር ተቀምጬ ዋልኩ።

ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ ወዳለው የመለዋወጫ ገበያ፣ ሶማሌ ተራ፣ ደውዬ ሳዝም ሆነ ሰው በስልክ ስመክር ሦስት ነገር አስቀድማለሁ፦ የጀርባ ስፋት፣ ርዝመት፣ ርዝመቱም በውጭ ወይስ በውስጥ እንደተለካ። ‹‹የቮልስ ቺንጋ ላክልኝ›› ማለት አይበቃም። ቮልስ ራሱ የቀድሞው ዲናሞ ካለው የሚወስደው 9.5×905 ሲሆን፣ አልተርኔተር (አዲሱ ዓይነት ዲናሞ) የተገጠመለት ግን 11.3×912 ነው። አሮጌ መኪና ደግሞ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ዲናሞው ተቀይሮ፣ ፑሊው ከሌላ መኪና ተወስዶ ሊሆን ስለሚችል የፋብሪካው መጽሐፍ የሚለውና ሞተሩ ላይ ያለው ላይገናኙ ይችላሉ። የማምነው ልኬቱን ነው። ቁጥሩ የጠፋ ቺንጋ ካለ ቆርጦ በመዘርጋት ጀርባውን መለካት ነው፤ ያረጀ ቺንጋ ትንሽ ስለሚረዝም ጥቂት ሚሊ ሜትር መቀነስ ይገባል። ምንም ከሌለ ዲናሞውን ወደ ሞተሩ ጠጋ አድርጎ ከፑሊው ጉድጓድ የሰፋ ጠፍጣፋ ጥብጣብ በፑሊዎቹ ጠርዝ ላይ ማዞር ይቻላል። ቀጭን ሲባጎ ግን ወደ ጉድጓዱ ስለሚሰምጥ አጭር ልኬት ይሰጣል።

ሲገዙ ዕድሜውንም ማየት ነው። ከሱቅ በር ላይ ለዓይን ማረፊያ የተሰቀለ ቺንጋ ፀሐይ ሲመታው ይደርቃል፤ አልተነዳም ማለት አዲስ ነው ማለት አይደለም። ገልበጥ አድርጎ በጣት ማጠፍ ነው። ሆዱ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ከታየ ይቅር።

አገጣጠሙ ላይ ላዳና ቮልስ ይለያያሉ። ላዳ ላይ የዲናሞውን የላይኛውን ዳዶ በ17 ቁልፍ አላልቶ፣ የታችኛውንም ቦሎን ለቀቅ አድርጎ፣ ዲናሞውን ወደ ሞተሩ መግፋት ነው። ቺንጋው በእጅ መግባት አለበት። በካቻቢቴ እየፈለቀቁ በፑሊው ጠርዝ ላይ ማስገባት የውስጡን ክር ይበጥሳል፤ ያ ጉዳት ከውጭ አይታይም፣ ከሳምንታት በኋላ መንገድ ላይ ነው የሚታወቀው። ከገባ በኋላ ዲናሞውን በእንጨት ወደ ውጭ ስቦ ማጥበቅ ነው። በ10 ኪሎ ኃይል በአውራ ጣት ሲጫኑት በውሃ ፓምፑና በዲናሞው መካከል ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ሊጎብጥ ይገባል። ፑሊዎቹ በአንድ መስመር መሆናቸውን ቀጥ ያለ ብረት አስደግፎ ማየትም ያስፈልጋል። ጎኑ ላይ ጥቁር ዱቄት የሚረጭ ቺንጋ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የራሱ ሳይሆን የተጣመመው ፑሊ ነው።

ቮልስ ላይ መወጠሪያ ክንድ የለም። የዲናሞው ፑሊ ለሁለት የሚከፈል ሲሆን በሁለቱ ግማሾች መካከል ቀጫጭን ሮንዴላዎች (ቀለበት መሳይ ብረቶች) ይደረደራሉ። ካቻቢቴ በውስጠኛው ግማሽ ላይ ባለው ጎድጎድ አስገብቶ ከዲናሞው የላይኛው ቦሎን ጋር ሲያስደግፉት ፑሊው መዞሩን ያቆማል፣ ዳዶውም ይፈታል። ከመካከል ሮንዴላ ሲወጣ ግማሾቹ ይቀራረቡና ቺንጋውን ወደ ጠርዝ ይገፉታል፤ ያኔ ይጠብቃል። ሲጨመር ይላላል። የወጣው ሮንዴላ አይጣልም፣ ከዳዶው ሥር ከውጭ ይቀመጣል። ዳዶውን እያጠበቁ ሞተሩን በእጅ ማዞር አይረሳም፤ አለዚያ ቺንጋው በግማሾቹ መካከል ተነክሶ ይቀራል። ሲጨርሱ በአውራ ጣት ሲጫኑት 15 ሚሊ ሜትር ያህል ይጎብጣል። ቮልስ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ የዲናሞው ቀይ መብራት ሲበራ ‹‹ባትሪው እስከ ቤት ያደርሰኛል›› ብሎ መንዳት አያዋጣም። ፋኑ የተሰካው በዚያው ዘንግ ላይ ነው። ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት።

ብዙ ሰው ቺንጋ በጠበቀ ቁጥር የተሻለ ይመስለዋል። አብልጦ የተወጠረ ቺንጋ ሳይጮኽ የዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን ኩሽኔታ ይበላል፤ የላላው ቢያንስ እየጮኸ ያስጠነቅቃል። ጩኸቱን ለማፈን ሳሙና መቀባት የተለመደ ነው፣ ለአንድ ቀን ዝም ያሰኘዋል፣ ጎኖቹን ግን አንሸራታች ያደርጋቸዋል። የእርጥበት ጩኸት ሌላ ነው፤ ጅማ ዝናብ የማይለያት ስለሆነች ጠዋት ሲነሳ ጥቂት ጮኾ ዝም የሚል ቺንጋ በሽተኛ ነው አይባልም።

የቫልቮቹን መከፈቻ ጊዜ የሚጠብቀው ባለ ጥርሱ የታይሚንግ ቺንጋ ከዚህ ጋር መምታታት የለበትም። በብዛት በሚመረት መኪና ላይ መጀመሪያ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በጀርመኑ የመኪና ፋብሪካ ግላስ ነው። ላዳ 2101 የታይሚንግ ሰንሰለት ስላለው አያሳስበውም፤ የላዳ 2105 ባለ 1.3 ሊትር ሞተር ግን ባለ ጥርስ ቺንጋ አለው። የቶዮታ 2ኤል፣ 3ኤልና 1ኤችዜድ ናፍጣ ሞተሮችም እንዲሁ ሲሆኑ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል። ይህኛው ሲበጠስ በብዙ ሞተሮች ላይ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ፤ በመንገድ ዳር የሚሞከር ሥራ አይደለም።

አዲስ ቺንጋ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጎኖቹ እስኪለምዱ ትንሽ ይላላል። ሩብ ሰዓት ያህል አስነስቶ፣ አጥፍቶ፣ እንደገና መለካትና ማጥበቅ ነው፤ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ አንዴ። መለዋወጫውን ቺንጋ በወንበር ሥር ከማስቀመጤ በፊት አንድ ጊዜ ሞተሩ ላይ ገጥሜ እለካዋለሁ፣ ከዚያ አውልቄ ፀሐይ በማያየው ጨርቅ ጠቅልዬ ከ17 ቁልፉ ጋር አስረዋለሁ። በጨርቁ ላይ 10×944፣ በውጭ ብዬ በእስክሪብቶ ጽፌበታለሁ።