ጎልማሳ ተማሪ በህንድ ጉሩ ፊት

የህንድ ክላሲካል ሙዚቃ የሚጀመረው በልጅነት ነው ይባላል። ለመድረክ ለታሰበ ልጅ እውነት ነው። ግን በሙምባይ፣ በኮልካታ ወይም በቼናይ የመምህራንን ደጅ የሚረግጠው ልጅ ብቻ አይደለም። ጡረታ የወጣ አለ። ልጆቿን ለወግ ለማዕረግ አብቅታ «አሁን ደግሞ ተራው የኔ ነው» ያለች አለች። ከሥራ መልስ ላፕቶፑን እንደያዘ የሚመጣም አለ።

ሙዚቃው ሁለት ትልልቅ ቅርንጫፎች አሉት፤ የሰሜኑ ሂንዱስታኒና የደቡቡ ካርናቲክ። ሁለቱም በራጋ፣ ማለትም በዜማው ሥርዓት፣ እና ታላ በሚባለው ተመላላሽ ምት ላይ ይቆማሉ። ትምህርቱ ከአፍ ወደ ጆሮ ነው። ጉሩው፣ ማለትም መምህሩ፣ ያዜማል፣ ተማሪው ይቀበላል። ደብተር ቢኖርም ለማስታወሻ ያህል ነው። ዜማ ቤት ገብቶ መሪጌታ ፊት የተቀመጠ ሰው ይህ አይገርመውም።

የመጀመሪያዎቹ ወራት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይሰለቻሉ። ብዙ ጊዜ አራት አውታር ያለው ታንፑራ ከኋላ ያለማቋረጥ ያስተጋባል። ተማሪው «ሳ» የሚባለውን መነሻ ድምፅ ይዞ ይቆያል። ከዚያ ሳ፣ ሬ፣ ጋ፣ ማ፣ ፓ፣ ዳ፣ ኒ እያለ ይወጣል፣ ይወርዳል። በደቡብ ደግሞ ጀማሪው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያረፈው ፑራንዳራ ዳሳ አዘጋጃቸው የሚባሉትን መልመጃዎች በሦስት ፍጥነት ይለማመዳል። ለጎልማሳ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። «ሳ» እንደ ፒያኖ ቁልፍ አንድ ቦታ የተቸነከረ አይደለም። ድምፁ የወፈረ ሰው ዝቅ አድርጎ ይጀምራል፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይለካል። መሣሪያ ለመረጠ ግን ነገሩ ይከብዳል። ሲታር ለመጫወት መሬት ላይ እግር አጣጥፎ መቀመጥ ያስፈልጋል፣ ሽቦውም ጣት ይቆርጣል።

ራጋው ሲጀመር ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ብዙ የሰሜን መምህራን ለጀማሪ ብሁፓሊን ያስተምራሉ። አምስት ድምፅ ብቻ አለው፦ ሳ፣ ሬ፣ ጋ፣ ፓ፣ ዳ። ለኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ የትዝታ ሜጀር ድምፆች እነዚሁ ናቸው። ታዲያ ትዝታ የሚያዜም ሰው ብሁፓሊን አወቀ ማለት ነው? አይደለም። ዴሽካር የሚባል ሌላ ራጋም እነዚያኑ አምስት ድምፆች ይጠቀማል። ብሁፓሊ የምሽት ነው፣ ክብደቱ «ጋ» ላይ ነው። ዴሽካር የጠዋት ነው፣ ክብደቱ «ዳ» ላይ ነው። የት እንደሚቆይ፣ ከየት ወደ የት እንደሚንሸራተት ከደብተር አይገኝም፤ መምህሩ ደጋግሞ ሲያሳይ ጆሮ ውስጥ ይገባል። በኔ ግምት ዘግይቶ የጀመረ ሰው ሃያ ራጋ ከሚቆጥር ሁለቱን አብስሎ ቢይዝ ይሻለዋል።

ድሮ ተማሪው መምህሩ ቤት እየኖረ፣ እየታዘዘና እያገለገለ ነበር የሚማረው። ታዋቂው የሲታር ተጫዋች ራቪ ሻንካር በ1938 (እ.ኤ.አ.) ማይሃር ወደምትባል ከተማ ኡስታድ (የሙዚቃ ሊቅ) አላውዲን ካን ዘንድ ሲሄድ 18 ዓመቱ ነበር። በወንድሙ የዳንስ ቡድን አውሮፓን ያየ ወጣት ለዓመታት በዚያ ጥብቅ ሰው ሥር ቆየ። የአላውዲን ልጅ አሊ አክባር ካን ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ነው የሰለጠነው። እሱ በ1967 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኮሌጅ ከፍቶ ብዙ አሜሪካውያን ጎልማሶችን አስተምሯል።

ከዚያም ዘግይተው የገቡ አሉ። አቀናባሪዎቹ ቴሪ ራይሊና ላ ሞንቴ ያንግ የህንዳዊውን ዘፋኝ የፓንዲት (የሊቅ ማዕረግ ነው) ፕራን ናትን ደቀ መዝሙርነት የያዙት በ1970 አካባቢ፣ በሠላሳዎቹ አጋማሽ ሆነው፣ በሙያቸው ከታወቁ በኋላ ነው። መምህራቸው በ1996 እስኪያርፍ አልተለዩትም። አሜሪካዊው ጆን ሂጊንስ ደግሞ ካርናቲክን በዩኒቨርሲቲ ተማሪነቱ ጀምሮ የደቡብ ህንድ አድማጭ «ባገቫታር» የሚል የክብር ስም እስኪሰጠው ደርሷል። እነዚህ ግን የተለዩ ናቸው። የቀረው ጎልማሳ የሚማረው ለራሱ ነው፣ መምህሩም ይህን ያውቃል።

ደቀ መዝሙርነት በሂንዱስታኒ ወግ የሚጸናው መምህሩ በተማሪው የእጅ አንጓ ላይ ክር ሲያስር ነው። ሁሉም ተማሪ ግን ለዚህ አይበቃም፤ አንዳንዱ ለዓመታት ተምሮም ክሩን አያገኝም። ሌላው መንገድ ትምህርት ቤት ነው። ዘፋኙ ቪሽኑ ዲጋምባር ፓሉስካር በ1901 ላሆር (ዛሬ ፓኪስታን) ላይ ጋንዳርቫ ማሃቪድያላያ የተባለውን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከከፈተ ወዲህ ደረጃና ፈተና ያለው ትምህርት ተስፋፍቷል። የምስክር ወረቀት ለሚያጓጓው ሰው ደህና ነው። ፈተና ግን የራጋ ብዛት ይጠይቃል፣ ጎልማሳ ደግሞ ጊዜ የለውም።

ዛሬ በወር ክፍያ፣ በቪዲዮ ጥሪ መማር የተለመደ ነው። ኢንተርኔቱ ድምፅን ትንሽ ስለሚያዘገይ ሁለቱ አብረው ማዜም አይችሉም። መምህሩ አንድ ሐረግ አዚሞ ዝም ይላል፣ ተማሪው ብቻውን ይመልሳል። ታንፑራውም በተማሪው በኩል ከስልክ አፕ ይከፈታል።