ዩዝ ኬዝ ምንድን ነው? ሲኩዌንስ ዲያግራምስ ለምን ይከተለዋል?

ኤቲኤም ጋ ሄዳችሁ 2000 ብር አላችሁ እንበል፣ ማሽኑ ሲያጉረመርም ቆይቶ ብሩን ሳያወጣ ይቅርታ ብሎ ካርዳችሁን መለሰ፣ ስልካችሁ ላይ ግን ከሂሳባችሁ 2000 ብር ተቀንሷል የሚል ሜሴጅ ገባ። እኔ ደርሶብኝ ያውቃል፣ ብሩ ተመልሶልኛል ግን እስኪመለስ ያለው ጭንቀት አይረሳኝም፣ ዩዝ ኬዝ የሚባለው ነገር በደንብ የገባኝም ይሄን እያሰብኩ ነው።

ዩዝ ኬዝ ማለት አንድ ሰው ሲስተሙ ጋ መጥቶ ጉዳዩን ጨርሶ እስኪሄድ ድረስ እሱ ምን እንደሚያደርግ፣ ሲስተሙ ደሞ ምን ብሎ እንደሚመልስለት በተራ ቋንቋ ሲጻፍ ነው። ጉዳዩን ጨርሶ የምትለዋን ያዙልኝ። ብር ማውጣት ዩዝ ኬዝ ነው፣ ባላንስ ማየትም ነው፣ ፒን ማስገባት ግን ለብቻው አይደለም ምክንያቱም ፒን አስገብቶ ጉዳዬን ጨረስኩ ብሎ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው የለም። ዩዝ ኬዝ ዲያግራም በሚባለው ስዕል ላይ እያንዳንዱ ዩዝ ኬዝ በኦቫል ይሳላል፣ ብዙ የፋይናል ፕሮጀክት ዶክመንት ላይ ታዲያ ሎግኢን የሚል ኦቫል መሀል ተቀምጦ ሌላው ሁሉ ኢንክሉድ (ያንን በውስጡ ይጠቀማል) በሚል ቀስት እሱ ላይ ተንጠልጥሎ አያለሁ፣ አልስማማበትም፣ ሎግኢን ቅድመ ሁኔታ ተብሎ ከላይ ቢጻፍ ይበቃዋል።

ሀሳቡን ያመጣው ኢቫር ጃኮብሰን የሚባል ስዊድናዊ ነው፣ ኤሪክሰን ውስጥ የስልክ ጥሪ የሚያገናኙ ሲስተሞች ላይ ይሰራ የነበረ። ስልክ መደወል ቀላል ይመስላል እንጂ መስመር ሊያዝ ይችላል፣ የሚያነሳ ላይኖር ይችላል፣ ደዋዩ መሀል ላይ ሊዘጋው ይችላል፣ እነዚህን ሁሉ አስቀድሞ ያልጻፈ ሰው ሲስተሙን ሊሰራው አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1987 ሀሳቡን ኮንፈረንስ ላይ አቀረበው፣ በኋላ ከግሬዲ ቡች እና ከጄምስ ራምቦ ጋር ሆነው ዩኤምኤል ውስጥ፣ ማለትም ሶፍትዌር በስዕል የሚነደፍበት የጋራ ቋንቋ ውስጥ፣ አስገቡት፣ ዩኤምኤል እ.ኤ.አ. በ1997 ስታንዳርድ ሆኖ ጸደቀ።

አሁን የዩዝ ኬዝ ስዕሉ ጋ እንምጣ። በመስመር የተሳለችው ሰው አክተር ትባላለች፣ ግን አክተር የግድ ሰው አይደለም፣ ከሲስተሙ ውጪ ሆኖ ከሲስተሙ ጋር የሚነጋገር ሁሉ አክተር ነው፣ ማሽኑን ስንሰራ የባንኩ ዋና ሲስተም አክተር ነው፣ የአንዱን ባንክ ካርድ ሌላ ባንክ ማሽን ላይ ስንጠቀም መሀል ላይ የሚያገናኘው ኢትስዊችም እንደዛው። የራሳችሁ ዳታቤዝ ግን ውስጣችሁ ስለሆነ አክተር አይሆንም። ብዙ ሰው ስዕሉን ስሎ ጨረስኩ ይላል፣ ስዕሉ እኮ ማውጫ ነው፣ ዋናው ነገር ከእያንዳንዱ ኦቫል ጀርባ ያለው ጽሁፍ ነው፣ በተለይ ዋናው መንገድ ካለቀ በኋላ በየስቴፑ "ካልሆነስ?" ተብሎ የሚጻፈው። ፒኑ ከተሳሳተስ፣ ማሽኑ ውስጥ ያለው ብር ካልበቃስ፣ ብሩ መውጫው ላይ ከተጣበቀስ።

ሲኩዌንስ ዲያግራም፣ ማን ለማን ምን መልእክት በምን ቅደም ተከተል እንደሚልክ የሚያሳየው ስዕል፣ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ከላይ ተነጋጋሪዎቹን በአግድም ትደረድራላችሁ፣ ደንበኛ፣ ማሽን፣ ባንክ፣ ከእያንዳንዳቸው ስር የተቆራረጠ መስመር ወደታች ይወርዳል፣ ላይፍላይን ይባላል፣ ጊዜ ከላይ ወደታች ይሄዳል፣ መልእክት በድፍን መስመር መልስ በተቆራረጠ መስመር ይሳላል። በብዙ የካርድ ሲስተም አይኤስኦ 8583 የሚባል ስታንዳርድ አለ፣ እያንዳንዱ መልእክት አይነቱን የሚናገር ቁጥር አለው፣ ማሽኑ ብር ለማውጣት 0200 ይልካል፣ ባንኩ ሂሳቡን አይቶ ቀንሶ 0210 ብሎ ይመልሳል፣ ከዛ ማሽኑ ብር ይቆጥራል። አሁን ያቺን 0210 ቀስት በጣታችሁ ሸፍኗት። ባንኩ ቀንሷል፣ ማሽኑ ምንም አልሰማም፣ ደንበኛው ቆሟል። የኔ ብር የጠፋባትን ቦታ ያየሁት እዚህ ነው፣ በሁለት ላይፍላይን መሀል። ስለዚ ማሽኑ የተወሰነ ሰከንድ ጠብቆ መልስ ካጣ ወይ ብሩ ከተጣበቀ 0420 ይልካል፣ ያ የቀነስከውን መልስ ማለት ነው፣ ደረሰኝ የሚለው 0430 ካልመጣለት 0421 ብሎ ይደግማል። ይሄ ሁሉ ስዕሉ ላይ አልት እና ሉፕ በሚባሉ ሳጥኖች ይገባል፣ አልት ወይ ይሄ ወይ ያ፣ ሉፕ ደግሞ ድግግሞሽ። ኢትስዊች መሀል ሲገባ ቀስቶቹ ይበዛሉ፣ ሊጠፉ የሚችሉትም እንደዛው።

ቅደም ተከተሉ ራሱ ሪኳየርመንት፣ ማለትም ሲስተሙ የግድ ማሟላት ያለበት ነገር፣ ሊሆን ይችላል። ብዙ ማሽን ካርድ አስቀድሞ ብር አስከትሎ የሚሰጠው ሰው ብሩን ካገኘ ጉዳዩ ስላለቀ ካርዱን ረስቶ ስለሚሄድ ነው፣ ሁለቱን ቀስት ማገላበጥ ብቻውን ስንት ካርድ ማሽን ውስጥ ያስቀራል።

ኮሚዩኒኬሽን ዲያግራም የሚባለውም አለ፣ ያው መልእክት ነው፣ ግን ቅደም ተከተሉ በቁጥር ነው የሚታየው፣ ማን ከማን ጋር እንደተገናኘ ለማሳየት ይመቻል። ታይሚንግ እና ኢንተራክሽን ኦቨርቪው የሚባሉ ሌሎች የዩኤምኤል ስዕሎችም አሉ፣ እነሱን እኔ እምብዛም አልተጠቀምኩም።

ለሁሉም ዩዝ ኬዝ ሲኩዌንስ መሳል ግን ድካም ነው። ባላንስ ለማየት ጽሁፉ ይበቃል፣ ባንኩ ካልመለሰ ሰውየው እንደገና ይጠይቃል፣ የተጎዳ ነገር የለም። ብር ማውጣትን፣ ማስተላለፍን፣ ሁለት ሲስተም የተለያየ ነገር አምኖ ሊቀር የሚችልበትን ግን ኮድ ከመጀመራችሁ በፊት ሳሉት፣ የሳላችሁትንም የባንኩ መስኮት ላይ ተቀምጦ ብሬ አልወጣም የሚል ሰው በየቀኑ ለሚያስተናግደው ሰራተኛ አሳዩት።