«ማሽኑ ነው የሚሠራው»፦ ስለ ሂፕ ሆፕ ቢት የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ቢት፣ ማለትም ራፐር ግጥሙን የሚያሰማበትን የድራምና የሙዚቃ ቅንብር፣ የሚሠሩ ወጣቶች ሥራቸውን ሊያሰሙኝ ሲመጡ በአብዛኛው መጀመሪያ የሚነግሩኝ የተጠቀሙበትን ፕሮግራም ስም ነው። ሙዚቃውን የማይወዱት ደግሞ «ይህማ ኮምፒውተሩ የሠራው ነው» ብለው ያልፉታል። ሁለቱም ወገኖች ድምፁ ከመሣሪያው ይወጣል ብለው ያምናሉ። እኔ ግን የሂፕ ሆፕን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር የማገኘው ጆሮን ነው። ደጋግመው ከሚገጥሙኝ አባባሎች ጥቂቶቹን ላንሳ።

«ቢት የኮምፒውተር ልጅ ነው»

የሙዚቃ ሸክላ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1973 በኒውዮርክ ብሮንክስ፣ በሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520 በሚገኝ የመኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ሲንዲ ካምቤል የምትባል ልጅ ለትምህርት ቤት ልብስ መግዣ ገንዘብ ለማግኘት ጭፈራ አዘጋጀች። ሙዚቃውን ያጫወተው ወንድሟ ክላይቭ ነበር፤ ኋላ ዲጄ ኩል ኸርክ ተብሎ የታወቀው የጃማይካ ተወላጅ። ኸርክ ጨፋሪዎቹ የሚጠብቁት የትኛውን የዘፈን ክፍል እንደሆነ አስተውሏል፦ ዘፋኙ ዝም ሲል፣ ድራሙ ብቻውን የሚቀርበትን። ችግሩ ያ ክፍል በጥቂት ሰከንድ ማለቁ ነው። ስለዚህ የአንድን ሸክላ ሁለት ቅጂ በሁለት ማጫወቻ ላይ እያስቀመጠ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ከመነሻው እያስነሳ ያችን አጭር ምት ያስረዝማት ጀመር። ግራንድማስተር ፍላሽ ደግሞ ምቱ የሚጀምርበትን ቦታ ሸክላው ላይ በክሬዮን እያመለከተ ቅብብሉ ሳይንገዳገድ እንዲሄድ አደረገ። ዛሬ ኮምፒውተር ላይ «ሉፕ» የሚባለው ያኔ በጣት ይሽከረከር ነበር።

«ሳምፕል ማድረግ ሌብነት ነው»

ሳምፕል ማድረግ ከተቀዳ ዘፈን ላይ ቁራጭ ድምፅ ወስዶ በአዲስ ሥራ ውስጥ ማስገባት ነው። ሌብነት ነው የሚለውን አባባል በችኮላ መጣል አልፈልግም፤ ከኋላው እውነተኛ በደል አለና። ዘ ዊንስተንስ የተባለው ባንድ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው «አሜን፣ ብራዘር» ላይ ድራም መቺው ግሪጎሪ ኮልማን ሰባት ሰከንድ እንኳ በማይሞላ ጊዜ ብቻውን ይመታል። ያች ቁራጭ በሺህ የሚቆጠሩ ዘፈኖች ውስጥ ገብታለች። ኮልማን ግን ከዚያ ሁሉ ምንም ሳያገኝ እ.ኤ.አ. በ2006 አረፈ። ከጄምስ ብራውን ጋር ይመታ የነበረው ክላይድ ስተብልፊልድም ተመሳሳይ ዕጣ ነው የገጠመው። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ዘዴው ራሱ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ጎበዝ ቢት ሠሪ ያችን ቁራጭ ሲይዝ መጀመሪያ ይቆራርጣታል፦ የእግር ድራሙን ለብቻ፣ ስኔሩን (ጥርት ያለ ድምፅ ያለውን ትንሹን ድራም) ለብቻ፣ የሲምባሉን (የብረት ሳህኑን) ሽውታ ለብቻ። እያንዳንዱን በአንድ የማሽን ቁልፍ ላይ ያስቀምጥና ኮልማን ባልመታው ቅደም ተከተል በጣቱ እንደገና ይመታዋል። ስኔሩን ትንሽ ያወርደዋል፤ ድምፁ ይወፍራል። ይህ ማዳመጥን፣ መምረጥንና ማቀናጀትን የሚጠይቅ ሥራ ነው። ለእኛ ቅርብ የሆነ ምሳሌም አለ፦ ራፐሩ ናስና የሬጌ ዘፋኙ ዴሚያን ማርሌ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት «አዝ ዊ ኤንተር» የቆመው በሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ላይ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ዜማውን ወዲያው ለየሁት፤ ቢሆንም ሌላ ቤት ውስጥ የሚኖር ዘመድ እንደማግኘት ሆነብኝ።

«ጥቂት ሰከንድ ከሆነ ፈቃድ አያስፈልግም»

ሕግ ውስጥ እንዲህ ያለ የሰከንድ ቁጥር የለም። እ.ኤ.አ. በ1991 ራፐር ቢዝ ማርኪ በተከሰሰበት ጉዳይ የኒውዮርኩ ዳኛ ውሳኔውን የከፈተው «አትስረቅ» በሚለው ትእዛዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሁለት ሰከንድ ስለምትሆን የጊታር ድምፅ እንኳ ፈቃድ ያስፈልጋል ብሎ ወሰነ። በ2016 ሌላ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ከዚህ የተለየ አቋም ይዟል። ፈቃድ መጠየቅ ይሻላል።

«ውድ መሣሪያ ከሌለ ጥሩ ድምፅ አይገኝም»

ሮላንድ ቲአር-808 የተባለው የድራም ማሽን እ.ኤ.አ. በ1980 ገበያ ላይ ውሎ በ1983 ምርቱ ቆመ፤ የተሠራው 12,000 ያህል ብቻ ነው። ድምፁ እውነተኛ ድራም አይመስልም ተብሎ ተነቅፎ ነበር። ዋጋው ሲወርድ ግን በእጃቸው ብዙ ገንዘብ የሌላቸው ልጆች አሮጌውን እየገዙ ወሰዱት፤ ያ ደረት የሚመታ ረጅም የእግር ድራም የሂፕ ሆፕ መሠረት ሆነ።

ኤስፒ-1200 የተባለው፣ ድምፅ ቀድቶ መልሶ የሚያጫውት ማሽን እ.ኤ.አ. በ1987 ሲወጣ መቅዳት የሚችለው 10 ሰከንድ ያህል ነበር። ቢት ሠሪዎቹ ዘዴ አበጁለት፦ በደቂቃ 33 ጊዜ የሚዞረውን ሸክላ በ45 እያፈጠኑ ይቀዱና ማሽኑ ውስጥ መልሰው ያዘገዩታል። ቦታው ተቆጠበ፤ በመዘግየቱ ግን ድምፁ አቧራ የለበሰ፣ ሻካራ ሆነ። ዛሬ ያንን ሻካራነት ለማግኘት ሰዎች ፕሮግራም ይገዛሉ።

«ጥሩ ምት ፍጹም የተስተካከለ ምት ነው»

ማሽኖች እያንዳንዱን ምት ጎትተው መስመሩ ላይ የሚያስቀምጡበት ዘዴ አላቸው። የዲትሮይቱ ቢት ሠሪ ጄ ዲላ ኤምፒሲ-3000 በተባለው የቢት መሥሪያ ማሽን ላይ ሲሠራ አንዱን ምት በጥቂቱ ያዘገያል፣ ሌላውን ያስቀድማል፤ ቢቱ የሚራመድ ሰው ይመስላል። ብዙዎች ይህን ሰምተው ማስተካከያውን ማጥፋት ብቻ ይበቃል ይላሉ። አይበቃም። ዲላ የቱ ምት፣ በምን ያህል እንደሚዘገይ ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006፣ 32 ዓመት በሞላው በሦስተኛው ቀን አረፈ፤ ማሽኑ ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየም ውስጥ ይገኛል።

«የራስ ድምፅ ማለት ከማንም አለመውሰድ ነው»

ኸርክ የጃማይካን የድምፅ ማጉያ ጭፈራ ይዞ መጣ። ሙላቱም የእኛን ቅኝቶች ከጃዝና ከላቲን ምት ጋር አገናኘ። የራስ ድምፅ የሚጀምረው ሌላው ሰው ቸል ያለውን ድምፅ ልብ ብሎ ከመስማት ይመስለኛል። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ቢት አሰማኝ። የእግር ድራሙ ከየት እንደመጣ ግራ ገባኝ፤ ደረቅ፣ ግን ከሥሩ ጉድጓድ ያለው ድምፅ ነው። እናቱ ቡና ስትወቅጥ በስልኩ የቀዳው የሙቀጫ ድምፅ ነበር። ዘነዘናው ከወረደ በኋላ ፍሬዎቹ የሚንኮሻኮሹባትን ቅንጣት ጊዜ አላጠፋትም፤ በየአራተኛው ምት ላይ ትሰማለች።