የጡንቻ መርገብገብ ምንድን ነው? ሥር የሰደደ ብግነት ላለበት ሰውስ?

ሲደክም የዋለ ሰው ጋደም ብሎ እግሩን ሲዘረጋ፣ ባቱ ላይ ከቆዳው ሥር አንድ ነገር ይላወሳል። አያምም። ዝቅ ብሎ ሲመለከተው፣ ሊፈላ እንደተቃረበ ውሃ እዚህም እዚያም ብቅ እልም የሚል እንቅስቃሴ ያያል፤ እጁን ሲያሳርፍበት ጥቂት ጋብ ይልና ተመልሶ ይጀምራል። ሌላው ሰው ይህን አይቶ ዝም ብሎ ሊተኛ ይችላል። መገጣጠሚያን የሚያስቆጣው ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ብዙ የአካል ክፍሎችን የሚያጠቃው ሉፐስ፣ አንጀትን የሚያስቆጣው ክሮንስ ወይም ሌላ ሥር የሰደደ የብግነት (የአካል መቆጣትና ማበጥ) ሕመም ያለበት ሰው ግን የገዛ አካሉ ደጋግሞ ስላስደነገጠው፣ በመጀመሪያ የሚመጣበት ሐሳብ «ሕመሙ አሁን ደግሞ ወደ ጡንቻዬ ገባ» የሚል ነው። ይህ ፍርሃት የሚገባ ፍርሃት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ትክክለኛው ማብራሪያ ሌላ ነው።

የጡንቻ መርገብገብ፣ በሕክምና አጠራሩ ፋሲኩሌሽን፣ ከጡንቻው ይልቅ በነርቩ የሚጀመር ክስተት ነው። ከሕብለ ሰረሰር የሚነሳ አንድ የነርቭ ሕዋስ ረጅም ክሩን እስከ ጡንቻው ድረስ ይዘረጋና ጫፉ ላይ ቅርንጫፍ አውጥቶ ብዙ የጡንቻ ጭረቶችን በአንድ ጊዜ ያዛል። ዓይንን በሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ውስጥ አንዱ ነርቭ የሚያዘው ጥቂት ጭረቶችን ብቻ ሲሆን፣ በባት ጡንቻ ውስጥ ግን ቁጥሩ ከ1,000 ሊበልጥ ይችላል። ይህ ክር፣ በተለይም ወደ ጡንቻው የቀረበው ጫፉ፣ ከአንጎል ትእዛዝ ሳይደርሰው በራሱ ጊዜ ምልክት ሲለቅ፣ በሥሩ ያሉት ጭረቶች በሙሉ አንድ ላይ ይኮማተሩና ቆዳው ዘለል ይላል። ከጠቅላላው ጡንቻ ጥቂቱ ክፍል ብቻ ስለሚኮማተር መርገብገቡ ይታያል፣ ይሰማል እንጂ እንደ ጉልበት ያለውን ትልቅ መገጣጠሚያ አያንቀሳቅስም። ጡንቻው በሙሉ ተጨብጦ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ የሚያሠቃየው መሸማቀቅ ከዚህ የተለየ ነው፤ እጅ ዕቃ ሲይዝ በተመጣጠነ ምት የሚንቀጠቀጠውም እንዲሁ የተለየ ነው። ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ለይቶ መናገር ምርመራውን በእጅጉ ያቀለዋል።

ታዲያ ብግነቱ ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል? በቀጥታ የሚገናኙበት መንገድ አለ። ለምሳሌ በሩማቶይድ አርትራይተስ ያበጠው የእጅ አንጓ በውስጡ የሚያልፈውን ነርቭ ሲጫነው፣ አውራ ጣት ሥር ያለው ጡንቻ ሊርገበገብና ጣቶቹም ሊደነዝዙ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ ግንኙነቱ ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ ሕመሙ እንቅልፍ ይነሳል፣ ያስጨንቃል፣ የሰውነትን ማዕድናት ያዛባል፣ መድኃኒት ያስወስዳል፤ እነዚህም ነርቭን በቀላሉ የሚነካ ያደርጉታል።

በእኔ እምነት ከሁሉ በላይ ችላ የሚባለው የማዕድናቱ ጉዳይ ነው። ካልሲየምና ማግኒዥየም የነርቭ ሽፋን ያለ ምክንያት እንዳይቀሰቀስ የሚያረጋጉ ስለሆኑ፣ በደም ውስጥ መጠናቸው ሲወርድ ነርቩ በትንሽ ነገር ይነሳል። አንጀቱ የተቆጣበት ሰው ተቅማጥ በበረታበት ቁጥር ማግኒዥየምና ፖታሲየም ያጣል። ከዚህ በተጨማሪ የሕመም ማስታገሻና ብግነትን የሚያበርድ ስቴሮይድ የሚወስዱ ብዙ ሕሙማን ጨጓራቸውን ለመጠበቅ የጨጓራ አሲድን የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ወይም ተመሳሳዩን መድኃኒት ለዓመታት ይወስዳሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2011 እነዚህ መድኃኒቶች ለረጅም ጊዜ፣ በአብዛኛው ከአንድ ዓመት በላይ፣ ሲወሰዱ ማግኒዥየምን ሊያወርዱ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል፤ ከመረመራቸው ሕሙማን ሩብ በሚሆኑት ማግኒዥየም በመስጠት ብቻ መጠኑ ስላልተስተካከለ መድኃኒቱን ማቋረጥ አስፈልጓል። ማግኒዥየም ሲጎድል ደግሞ ካልሲየምንና ፖታሲየምን ይዞ ስለሚወርድ፣ እርሱ ሳይስተካከል ሌሎቹን ብቻ ለመተካት መሞከር ድካም ነው።

ሌሎቹም መድኃኒቶች የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ እንቅልፍ ይነሳል፣ በከፍተኛ መጠን ሲወሰድም ፖታሲየምን ሊቀንስ ይችላል፤ በቀን አንዴ የሚወሰድ ከሆነ ጠዋት መውሰዱ ሌሊቱን ያቀላል። የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክሙት ሳይክሎስፖሪንና ታክሮሊመስ ማግኒዥየም በኩላሊት በኩል እንዲወጣ ያደርጋሉ፣ እጅንም ሊያንቀጠቅጡ ይችላሉ። ሽንት የሚያሸኑ መድኃኒቶችም ማዕድናቱን አብረው ያስወጣሉ። ይህን የሚያነብ ሰው ግን በገዛ ፈቃዱ መድኃኒቱን እንዳያቆም አጥብቄ እለምናለሁ። ለሳምንታት የተወሰደ ስቴሮይድ በድንገት ሲቋረጥ፣ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች የራሳቸውን ሆርሞን ወዲያው ማምረት ስለማይችሉ ለሕይወት የሚያሰጋ ሁኔታ ይፈጠራል። በግምት ማዕድን መዋጥም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ማግኒዥየምና ፖታሲየም በሰውነቱ ውስጥ ይጠራቀምበታል፣ ሳርኮይዶሲስ የተባለው ሌላ የብግነት ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ቫይታሚን ዲና ካልሲየም ሲወስድ የደም ካልሲየሙ ከልክ በላይ ሊወጣ ይችላል። መጀመሪያ የደም ምርመራ፣ ከዚያ መተካት ነው ሥርዓቱ።

ከሁሉ የሚከብደው ፍርሃት የእንቅስቃሴ ነርቮችን ከሚገድለው፣ ኤኤልኤስ ከሚባለው በሽታ ጋር የተያያዘው ነው። በ1993 በታተመ አንድ ጥናት፣ ሌላ ችግር ሳይኖር ጡንቻቸው ብቻ ይርገበገብ የነበሩ 121 ሰዎች ከ2 እስከ 32 ዓመት ክትትል ተደርጎላቸው አንዳቸውም ይህ በሽታ አልያዛቸውም። ቁም ነገሩ ያለው ከመርገብገቡ ብዛት ላይ ሳይሆን ከጉልበቱ ላይ ነው፦ ጡንቻው ሥራውን እየሠራ ነው ወይስ እየከዳ? መገጣጠሚያው የታመመ ሰው ግን ሕመም ራሱ እጁን ስለሚያደክመው ይህን ለመለየት ይቸገራል። ስለዚህ ቁልፍ ማዞር ሲያቅተው «ያቃተኝ ስላመመኝ ነው ወይስ ሳያመኝ ነው?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ሳያም መሥራት ያቆመ ጣት፣ ሲራመዱ መሬት የሚጎትት እግር፣ ከሌላው ጎን ጋር ሲተያይ የሟሸሸ ጡንቻ፣ የሚኮላተፍ ንግግር ወይም ምግብ ሲውጡ ትን ማለት ከታየ ቀጠሮ ሳይጠብቁ መታየት ያስፈልጋል። መርገብገቡ ሳይኖር ከወንበር መነሳትና ደረጃ መውጣት ብቻ ከከበደ ስቴሮይዱ ጡንቻውን አዳክሞት ሊሆን ስለሚችል ይህም ለሐኪም ይነገር።

በየዕለቱ ኑሮ ውስጥ የሚረዳው ነገር ብዙም የተወሳሰበ አይደለም። ለሁለትና ለሦስት ሳምንት የትኛው ጡንቻ በስንት ሰዓት እንደተርገበገበ፣ ሌሊቱን ምን ያህል እንደተተኛ፣ ምን ያህል ቡና እንደተጠጣ፣ ተቅማጥ እንደነበረና አዲስ መድኃኒት እንደተጀመረ በአጭሩ መጻፍ ሐኪሙ ከሚጠይቀው የበለጠ መልስ ይዞ ለመሄድ ያስችላል። መርገብገቡ ምርመራ ክፍል ሲገቡ የመጥፋት ልማድ ስላለው በስልክ መቅረጽም ጠቃሚ ነው። ቡና የሚያበዛ ሰው ቀስ በቀስ ይቀንስ፤ በአንዴ ቢያቆም ራስ ምታቱ ሌላ ጣጣ ነው። ባት ሲሸማቀቅ ጉልበትን ዘርግቶ የእግር ጣቶችን ወደ ራስ መሳብ ያላቅቀዋል። መርገብገቡን እያሳደዱ መመልከትና ጉልበትን በየሰዓቱ መፈተን ግን ጭንቀቱን ያነሳሳል፣ ጭንቀቱ ነርቩን ያነሳሳል፣ ሌሊቱም እንዲሁ ያልፋል።

ሐኪሙ ጉልበትን ከፈተሸ በኋላ ማግኒዥየምን፣ ካልሲየምን፣ ፖታሲየምን፣ የታይሮይድ ዕጢንና ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈሰውን ሲኬ የተባለ ኢንዛይም በደም ሊያስመረምር ይችላል። ማግኒዥየም ከተለመደው የማዕድናት ምርመራ ጋር ሁልጊዜ አብሮ ስለማይታዘዝ ለይቶ መጠየቅ ነውር የለበትም። ጥርጣሬ ከቀረ በቀጭን መርፌ የጡንቻውን ኤሌክትሪክ የሚያነብ ኢኤምጂ የተባለ ምርመራ አለ። ከአፍ ዙሪያና ከጣቶች መደንዘዝ ጋር እጅ ያለፈቃድ ሲታጠፍ፣ ወይም ከከባድ የጡንቻ ሕመም ጋር ሽንት ሲጠቁር ግን ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚኬደው በዚያው ሰዓት ነው።